ካሴዌ ላይ ብቻውን የቆመው ቡና፦ ስቴኖፊላ ከአረቢካ ጎን

በ2018 መገባደጃ ላይ ሦስት የቡና ባለሙያዎች ሴራሊዮን ውስጥ ካሴዌ በሚባል ኮረብታማ ደን አንድ ዛፍ አጠገብ ቆሙ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ለንደን ካለው የኪው የዕፅዋት ምርምር ማዕከል የመጡት ዶክተር አሮን ዴቪስ ናቸው፤ ሁለተኛው የግሪንዊች ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጄረሚ ሃጋር፤ ሦስተኛው የአገሩ ሰው፣ የቡና ልማት ባለሙያው ዳንኤል ሳርሙ። ዛፉ ኮፊያ ስቴኖፊላ ነበር። ይህ ዝርያ በሴራሊዮን ጫካ ለመጨረሻ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበው በ1954 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የጠፋ ነገር ተገኘ፤ ደስታው ግን ጎደሎ ነበር። ዙሪያውን ቢያስሱ ሁለተኛ ዛፍ አጡ።

አረቢካ ቢሆን ኖሮ አንድ ዛፍ መቅረቱ ይህን ያህል ባላስጨነቀ። ያብባል፣ ፍሬ ይይዛል፣ ዘሩ ይረግፋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥሩ አካባቢ ችግኝ ብቅ ብቅ ይላል። ብቻውን የቀረ ስቴኖፊላ ግን ቢያብብም ፍሬ አይቋጥርም። ስለ ሁለቱ ቡናዎች ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ጣዕምና ሙቀት የመቻል ነገር ነው። እኔ ከዚህኛው ልዩነት መጀመርን መረጥሁ፤ አንደኛው እንዴት ዓለምን እንዳዳረሰ፣ ሌላኛው እንዴት ኮረብታ ላይ ብቻውን እንደቀረ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው እሱ ነውና።

ብቻውን የሚያፈራና የማያፈራ

የቡና ወገን ከ120 በላይ ዝርያዎች አሉት። ገበያ ላይ የምናገኛቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁለት ናቸው፦ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አረቢካና የቀረውን የሚሞላው ሮቡስታ፣ በሳይንስ ስሙ ካኔፎራ። ስቴኖፊላም ሮቡስታም እንደ አብዛኞቹ የጫካ ዘመዶቻቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ የራሳቸውን የአበባ ብናኝም አይቀበሉም። የአንድ ዛፍ ብናኝ እዚያው ዛፍ ላይ ያለ አበባ ላይ ቢያርፍ፣ ዛፉ የራሱ መሆኑን ለይቶ እንዳያድግ ይከለክለዋል። ፍሬ የሚይዘው ዘረመሉ ከእሱ ከተለየ ጎረቤት ብናኝ ሲመጣለት ብቻ ነው። ንቡም ነፋሱም እያለ ጎረቤቱ ከሌለ ከንቱ ነው።

አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው። በ2024 የወጣ የጂኖም ጥናት እንደሚገምተው ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ካኔፎራና ዩጂኒዮይዲስ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ጫካ ውስጥ በተፈጥሮ ተዳቅለው፣ የሁለቱም ክሮሞዞም ሳይጎድል አንድ አካል ውስጥ ገብቶ የተገኘ ነው። ወላጆቹ ሁለቱም የራሳቸውን ብናኝ የሚገፉ ሲሆኑ ልጃቸው ይህን ባሕርይ ጣለ። አንድ የአረቢካ ዛፍ ብቻውን ትውልድ መተካት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህች ነገር በታሪክ ምን እንዳደረገች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ገነት አንድ የቡና ተክል መጣ። በ1714 የከተማዋ ሹማምንት ከዚያው ዘር አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሰጡ። በ1720ዎቹ አንድ ፈረንሳዊ መኮንን ችግኝ ይዞ ባሕር አቋርጦ ማርቲኒክ ደሴት ገባ። ቲፒካ የሚባለውና በአሜሪካ አህጉር ደጋማ አገሮች የተንሰራፋው ቡና የወረደው በጣት ከሚቆጠሩ እንዲህ ካሉ እናቶች ነው። ቡርቦን የሚባለው ሌላው የአረቢካ ዓይነት ታሪክም ከዚህ አይርቅም፤ በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት የገቡ ጥቂት ተክሎች ናቸው መነሻው። ስቴኖፊላን በዚህ መንገድ ማጓጓዝ አይቻልም ነበር። አንዲት ችግኝ ጭኖ የሄደ መርከብ ወደብ ላይ የሚያወርደው መካን ዛፍ ነው።

ይኸው መንገድ ግን አረቢካን ዋጋ አስከፍሎታል። ከጥቂት እናቶች በራሱ ብናኝ እየተባዛ የሄደ ሰብል በዘረመል እጅግ የተቀራረበ ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ለመጣል አይቸገርም። በ1869 በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ጠራርጎ ኮረብቶቿን ለሻይ አስረከበ። በ1970 ብራዚል ገባ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የመካከለኛው አሜሪካን አርሶ አደሮች ክፉኛ መታ። የጫካው ስቴኖፊላ በየትውልዱ ከባዕድ ዛፍ ጋር ካልተዳቀለ የማይኖር በመሆኑ ልዩነቱን ይዞ ቆይቷል። አሁን ወደ እሱ ያስሮጠን ይኸው ነው፤ እንዲጠፋ ያመቻቸውም ይኸው ነው።

ከገበያ የወጣበት መንገድ

ስቴኖፊላ ለሳይንስ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆርጅ ዶን በ1834 ስም አውጥቶለታል፤ ትርጉሙ ቅጠለ ጠባብ ነው። የተፈጥሮ አገሩ ጊኒ፣ ሴራሊዮንና ኮትዲቯር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «የሴራሊዮን ደጋ ቡና» ተብሎ ይተከል፣ ይሸጥ፣ ወደ አውሮፓም ይላክ ነበር። (ደጋ የተባለው በአገሩ ልክ ነው። የሚበቅልባቸው ኮረብታዎች ከባሕር ጠለል በላይ ጥቂት መቶ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ ከአረቢካ አገር የመጣ ሰው ቆላ የሚለው ዓይነት።) ዘሩ ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶችም ተልኮ ተሞክሯል። በዘመኑ ቀምሰውት የጻፉ ሰዎች ከአረቢካ አያንስም ብለዋል፤ ይበልጣል ያሉም አልጠፉ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቡና እንዴት ተረሳ? ሮቡስታ መጣ። መነሻው ከኮንጎ ተፋሰስ አካባቢ የሆነው ሮቡስታ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሠራጭ ሙቀት የሚችል፣ ዋግን የሚቋቋም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬው የሚበዛ ሆኖ ተገኘ። ስቴኖፊላ በምርት አይደርስበትም። ገዢው የሚከፍለው በሚዛን እንጂ በጣዕም አልነበረም። ሴራሊዮናዊው ገበሬ ስቴኖፊላውን ነቅሎ ሮቡስታ ሲተክል ሒሳቡን አልሳተም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። የሚገርመው ትዝታው ሳይቀር መጥፋቱ ነው። ሃጋርና ሳርሙ ከ2018 በፊት የአገሩን ቡና አምራቾች ሲጠይቁ ዛፉን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ተስኗቸው ነበር። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከውጭ ንግድ ሸቀጥነት ወደ ማይታወቅ ቁጥቋጦ ወረደ ማለት ነው።

ካምቡዪ

ሦስቱ ሰዎች ከካሴዌ ተነሥተው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ፣ ከኬኔማ ከተማ ብዙ ወደማይርቁት የካምቡዪ ኮረብታዎች አመሩ። ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ለሰዓታት ከተጓዙ በኋላ ስቴኖፊላን እንደገና አገኙት፤ አሁን ግን ብዙ ሆኖ። ከተቆጠረ የግኝቱ ቀን መቆጠር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። ካሴዌ ላይ የተገኘው ዝርያው እንዳልጠፋ የሚያሳይ ምልክት ነው። እርስ በርሱ የሚዳቀል፣ ዘር የሚሰጥ ማኅበር የተገኘው ካምቡዪ ላይ ነው። ውጤቱ በ2020 ሲታተም አፊኒስ ስለሚባል ሌላ የተረሳ የምዕራብ አፍሪካ ቡናም አብሮ ተዘገበ።

ዛፉን ዛፍ ጎን ስናቆመው

አረቢካን የለመደ ሰው ስቴኖፊላን ሲያይ መጀመሪያ ግር የሚለው ፍሬው ነው። የአረቢካ ለቃሚ ከልጅነቱ የሚሰማው ምክር «ቀይ ቀዩን ልቀም» የሚል ነው። አረቢካ ላይ የጠቆረ ፍሬ ካየ ወይ ጊዜው አልፎበት ዛፉ ላይ ደርቋል፣ ወይ የቡና ፍሬ በሽታ መቶታል። ስቴኖፊላ ግን ሲበስል ይጠቁራል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ አንድ ቀን እርሻ ላይ ሲውል ለቀማውም የጥራት ቁጥጥሩም እንደ አዲስ መማርን ይጠይቃል።

የሙቀቱ ልዩነት የበለጠ ይከብዳል። ኔቸር ፕላንትስ በተባለው መጽሔት በ2021 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው ስቴኖፊላ በተፈጥሮ የሚበቅልበት አካባቢ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት 24.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ከሮቡስታ በ1.9፣ ከአረቢካ ደግሞ እስከ 6.8 ዲግሪ ይበልጣል። ለቡና 6.8 ዲግሪ ማለት ከደጋ ጫፍ ወደ ቆላ መውረድ ነው። ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ቁጥር የሚነግረን ዛፉ የት እንደሚኖር ነው። የሚኖረውም በደን ጥላ ሥር ነው። ጥላው ተመንጥሮ በገላጣ ማሳ ላይ በረድፍ ሲተከል በዚያው ሙቀት ምን ያህል እንደሚያፈራ ከዚህ ቁጥር ማንበብ አይቻልም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህችን እርምጃ ሳያስተውሉ ይዘሏታል።

ቅምሻው

በ2020 ከሴራሊዮን የመጣች ጥቂት ግራም የስቴኖፊላ ቡና ለንደን ውስጥ አንድ ቡና ቆይ ድርጅት ያሉ ቀማሾች ዘንድ ቀረበች። ቡና የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቂት ግራም ለቅምሻ ይቅርና በቅጡ ለመቁላት እንኳ ያስቸግራል። ያገኘችው ነጥብ ከመቶ 80.25 ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ 80 የሞላ ቡና ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ከፍተኛ ጥራት ያለው፣ ይባላል።

ሁለተኛው ዙር ጠንከር ያለ ነበር። ሲራድ የተባለው የፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም ሞንፔሊዬ ከተማ ውስጥ 15 ባለሙያ ቀማሾችን ሰበሰበ። ስቴኖፊላው የመጣው ሬዩኒየን ደሴት ላይ ካለ የቡና ዝርያዎች ክምችት ነው። ሬዩኒየን ማለት ያችው የጥንቷ ቡርቦን ናት፤ ጥቂት የየመን ተክሎች ገብተውባት የአረቢካን ጠባብ ዘር ለዓለም የላከችው ደሴት ሌላኛውን ቡና ስታስቀምጥ ኖራለች። ጽዋዎቹ ስማቸው ሳይነገር ቀረቡና ቀማሾቹ «ይህ አረቢካ ነው?» ተባሉ። ስቴኖፊላን 81 በመቶው ምላሽ አረቢካ ነው አለ። ለማመሳከሪያ ከቀረቡት ሁለት እውነተኛ አረቢካዎች አንዱ 98፣ ሌላው 44 በመቶ አገኘ። ሮቡስታው ያገኘው 7 በመቶ ነው። ኮክ፣ ማር፣ መንደሪን፣ ጃስሚን፣ ቀለል ያለ ጥቁር ሻይ፣ ቸኮሌት የሚሉ ቃላት በቀማሾች ማስታወሻ ላይ ሰፍረዋል።

የዜናው ወሬ 81ን ይዞ ሮጠ። እኔን የያዘኝ 44 ነው። እውነተኛ አረቢካ ሆኖ ከግማሽ በላዩ ምላሽ ያልተቀበለው! ከዚህ የምረዳው ቀማሾቹ በአእምሯቸው የያዙት «አረቢካ» የጥሩ አረቢካ ጣዕም መሆኑን ነው፤ ዝርያው አረቢካ ሆኖ ያን ጣዕም የሌለው ጽዋ ይወድቃል። ስለዚህ ስቴኖፊላ የተመሳሰለው በተግባር ከአንድ የጥራት ደረጃ ጋር ነው። በዚያ ላይ 47 በመቶው ምላሽ ናሙናው አዲስ ነገር አለው የሚል ነበር። አረቢካ ይመስላል፣ አረቢካ ግን አይደለም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ለገበያ የሚጠቅመው እንዲያውም ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ አረቢካን መምሰል ብቻ ከሆነ አረቢካው አለ። ይህ ሁሉ ግን የተነገረው በጥንቃቄ ከተያዘች ትንሽ ናሙና ተነሥቶ ነው። አንድ ሺህ ኩንታል ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተከማችቶ ያው ጣዕም መገኘቱ ሌላ ፈተና ነው።

ማዳቀል ሲታሰብ

«ሙቀት የመቻሉን ባሕርይ ወስደን አረቢካ ላይ እናስገባው» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። እዚህ ላይ የክሮሞዞሙ ቁጥር ይገታል። 22 ያለውና 44 ያለው ሲዳቀሉ የሚወለደው 33 ይይዛል፤ ሦስት ስብስብ ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ዘር ለመስጠት ይቸገራል። መውጫ አለ፤ አስቀድሞ የስቴኖፊላውን ክሮሞዞም በእጥፍ አሳድጎ 44 ማድረግ ይቻላል። ተፈጥሮም አንዳንዴ ታልፈዋለች፤ በ1920ዎቹ ቲሞር ደሴት ላይ አረቢካና ሮቡስታ በራሳቸው ተዳቅለው የተገኘው ተክል የካቲሞር ዝርያዎች አባት ሆኗል። ብዙዎቹ ዋግን የሚቋቋሙ የዛሬ ዝርያዎች ደማቸው ከእሱ ነው። ግን የቲሞሩ ዓይነት ዕድል በቀጠሮ አይመጣም፤ ከመጀመሪያው መዳቀል እስከ ገበሬው ማሳ ደግሞ ረጅም ዓመታት ይፈጃል።

ስቴኖፊላና ሮቡስታ ሁለቱም 22 ናቸው። ለእኔ የበለጠ የሚታየኝ በር ይህ ነው፤ የሚያፈራውን ጣዕም መስጠት፣ ጣዕም ያለውን ምርታማ ማድረግ። መቶ ዓመት በፊት አንዱ ሌላውን ከእርሻ አስወጣው፤ አሁን በአንድ የማዳቀያ ሰሌዳ ላይ ይገናኙ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ ስቴኖፊላን ራሱን እንደ ሰብል መመለስ ነው። ሴራሊዮን ውስጥ ለሙከራ የመትከል ሥራ የተጀመረውም በዚሁ አቅጣጫ ነው።

የጫካ ዛፍ ሰብልን ሲያድን መታየቱ ሕልም አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ሲገባ ማሳዎችን አወደመ። መልሱ የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖችና አካባቢያቸው ነው፤ በሽታው ሌላውን ሁሉ ሲያጠቁር የቆሙ እናት ዛፎች ተፈልገው ዘራቸው ተወሰደ። ዛሬ በቁጥር ብቻ የሚጠሩት 74110 እና 74112 ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው፤ መነሻቸው 74 የሆነው በ1974 ስለተመረጡ ነው። የቡና ገበሬ ቁጥሮቹን እንደ ስም ይጠራቸዋል። ልዩነቱ ያኔ መፍትሔው እዚያው ዝርያ ውስጥ መገኘቱ ነው። ለ6.8 ዲግሪ ግን አረቢካ በራሱ ጫካ ውስጥ የሚያበቃ መልስ ይኑረው አይኑረው አሁን ሊታይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ስቴኖፊላ «ተጋላጭ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ በየአህጉሩ በሚሊዮን ሄክታር የሚታረሰው አረቢካ፣ የጫካው ማለት ነው፣ ከዚያ አንድ ደረጃ የከፋውን «ለመጥፋት የተቃረበ» የሚለውን መደብ ይዟል። የጫካ አረቢካ ያለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባና በኬንያ ማርሳቢት ተራራም ይገኛል። በ2019 የወጣ ጥናት 124 የቡና ዝርያዎችን ገምግሞ ቢያንስ 60 በመቶዎቹ የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አሳይቷል። ብርቁና የተስፋፋው የሚለው አከፋፈላችን እንግዲህ እርሻውን እንጂ ጫካውን አይገልጽም።

ካሴዌ እንደገና

የካሴዌው ዛፍ ምን ይደረግ? ቁራጭ ወስዶ ማባዛት ቀላሉ ነገር ይመስላል፤ ቡና በቁራጭ ይባዛል። ነገር ግን ከእሱ የተወሰደ መቶ ቁራጭ ቢተከል ዘረመሉ አንድ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ጎረቤት አይሆንም፤ መቶውም አብበው መቶውም ባዶ ይሆናሉ። የሮቡስታ አምራቾች ይህን ያውቁታል፤ በቁራጭ የሚያባዙ ሁሉ የተለያዩ እናቶችን እያፈራረቁ በአንድ ማሳ ይተክላሉ። አጠገቡ ያለ የሮቡስታ እርሻም አያድነውም። ቡና የሚያብበው ዝናብ ከነካው በኋላ ቀን ቆጥሮ ነው፤ ቀኑ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ አበባውም ቶሎ ይረግፋል። አንዱ ሲያብብ ሌላው ወይ አልደረሰም፣ ወይ አልፎበታል።

ስለዚህ ለካሴዌ የሚሆነው የካምቡዪ ዘር ነው፤ ያውም ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ የተለያዩ እናቶች የተለቀመ፣ ችግኝ ሆኖ እዚያው ዛፍ ዙሪያ በደኑ ጥላ ሥር የሚተከል። ችግኞቹ አድገው በአንድ ዝናብ አብረውት ካበቡ፣ የዚያ ዛፍ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥቁር ፍሬ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ችግኙን ተሸክሞ፣ በ2018 የተኬደውን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ወደ ኋላ መሄድ አለበት።